የቅርቡ ዝርዝርና የማዶው አድማስ
የባቡር ሲሙሌተር ጨዋታዎች በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ሚዛን

ማንኛውም የሥነ ጥበብ ሥራ የመምረጥና የመተው ውጤት ነው። ሠዓሊ በሸራው ላይ ሁሉን ነገር አያሰፍርም፤ ደራሲም የአንድን ቀን ውሎ ከማለዳ እስከ ምሽት አንድ ሳያስቀር አይተርክም። ሁለቱም ከተጨባጩ ዓለም ጥቂቱን ያነሣሉ፣ ብዙውን ይተዋሉ። የሥራቸው እውነተኛነት የሚመዘነውም ባነሡት ብቻ ሳይሆን በተዉትም ጭምር ነው። ስለዚህ ሐያሲ በአንድ ሥራ ፊት ሲቆም ሊያነሣቸው ከሚገቡት ጥያቄዎች የመጀመሪያው «ምን ታየ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛውና የሚከብደው ደግሞ «ምን እንዳይታይ ተደረገ? በማንስ ውሳኔ?» የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በሥዕልና በፊልም ላይ ሲነሣ የኖረ ነው። በኮምፒውተር ጨዋታዎች ላይ ግን እምብዛም አይሰማም፤ ጨዋታ ከጊዜ ማሳለፊያ አልፎ እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ የሚመረመርበት ልማድ ገና አልጎለበተምና። ይሁን እንጂ ከጨዋታዎቹ መካከል ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ እጅግ የተመቸ አንድ ወገን አለ። እርሱም የባቡር ሲሙሌተር፣ ማለትም የባቡርን ጉዞ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያስመስለው ጨዋታ ነው። በዚህ ጨዋታ ውስጥ ጠላትም ግድያም የለም። ተጫዋቹ በነጂው ወንበር ተቀምጦ ባቡሩን ያንቀሳቅሳል፣ ፍጥነቱን ይቈጣጠራል፣ የሐዲድ ምልክቶችን ያከብራል፣ በሰዓቱ ከጣቢያ ይደርሳል። ከዚህ የተረፈውን ጊዜ ሁሉ የሚያሳልፈው በመስኮት ወደ ውጭ በመመልከት ነው። ከዚህም የተነሣ የባቡር ሲሙሌተር በባሕርዩ የመልክዐ ምድር ጥበብ ነው ማለት ይቻላል።

የመስኮቱ አሠራር

በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚታየው ተራራ ከሦስት ማዕዘን ቁርጥራጮች የተሰፋ ቅርፅ ነው። ቁርጥራጮቹ በበዙ መጠን ተራራው የተራራነት መልኩን እየያዘ ይሄዳል፤ ባነሱ መጠን ደግሞ እንደ ተወጠረ የድንኳን ሸራ ልሙጥ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በርካታ ጊዜ ደጋግሞ መሣል አለበት፤ አለዚያ የባቡሩ እንቅስቃሴ እየተቈራረጠ ዓይንን ያውካል። የማሽኑ ጉልበት የተወሰነ እንደመሆኑ መጠን ሁሉንም በእኩል ዝርዝር መሣል አይቻለውም። ስለዚህ ከመሣሉ አስቀድሞ መተው ይኖርበታል።

የመተዉን ሥርዓት ቀድመው ካሰቡት ሰዎች አንዱ ጄምስ ክላርክ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጥናት፣ ለአንድ ነገር የሚሰጠው ዝርዝር መወሰን ያለበት ነገሩ በስክሪኑ ላይ በሚይዘው ስፋት ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በስክሪኑ ላይ ነጥብ አክሎ ለሚታይ ነገር በመቶዎች የሚቈጠሩ ቁርጥራጮችን ማፍሰስ ብክነት ነውና፣ ለአንድ ነገር ረቂቅም ሻካራም ቅርፆች አስቀድመው ይዘጋጁና እንደ አስፈላጊነቱ እየተለዋወጡ ይታዩ የሚል ነው። «የዝርዝር ደረጃ» የሚባለው አሠራር የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የክላርክ መለኪያ ርቀት ሳይሆን ነገሩ በዓይን ፊት የሚይዘው ቦታ መሆኑ ነው።

በተግባር ግን ርቀት ቀላል መለኪያ ሆኖ ቦታውን ያዘ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው፣ ኩጁ የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት የሠራው «ማይክሮሶፍት ትሬን ሲሙሌተር» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ጨዋታ ምድሩን እያንዳንዱ ጎናቸው 2,048 ሜትር በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍላል። በእያንዳንዱ ካሬ ውስጥ የመሬቱ ከፍታ በየ8 ሜትሩ ይመዘገባል። በዚህ ምድር ላይ ዛፉ፣ ቤቱ፣ ምሰሶው፣ አጥሩ እየተለቀመ ይተከላል። እያንዳንዱ ቁስ በቅርብ ሲሆን በዝርዝር፣ ራቅ ሲል በሻካራ ቅርፅ ይታያል፤ ከተወሰነለት ርቀት ሲያልፍ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። የመደበኛው እይታ ከፍተኛ ወሰን 2,000 ሜትር ነበር። ከዚያ ወዲያ የሚታይ ተራራ ካለ፣ ለብቻው በተዘጋጀ ሻካራ ንጣፍ የተሠራ የጀርባ ጥላ ነው።

ሦስቱ ማስተካከያዎች

የዚህን ጨዋታ ፋይሎች ተቀብሎ የሚሠራው «ኦፕን ሬይልስ» በበጎ ፈቃደኞች የተዘጋጀ ነጻ ፕሮግራም ነው። ይህ ፕሮግራም ቀድሞ በባለሙያው እጅ ብቻ የነበረውን የመተው ሥልጣን ለተመልካቹ አካፍሏል። በማስተካከያ ገጹ ላይ ከጉዳዩ ጋር የሚገናኙ ሦስት ዋና ዋና ነገሮች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው የእይታ ርቀት ነው። ምድሩ እስከ ስንት ሜትር ድረስ እንደሚታይ የሚወስነው ይህ ሲሆን፣ የተለመደው 2,000 ሜትር ከፍ ሊደረግ ይችላል። ከእርሱም ጋር የሩቅ ተራሮች ይታዩ ወይስ አይታዩ የሚል ምርጫ ለብቻው ተቀምጧል። ሁለተኛው የቁሶች ብዛት ነው። ቁጥሩ ከፍተኛው ላይ ሲሆን መስመሩን የሠራው ሰው የተከላቸው ነገሮች ሁሉ ይታያሉ፤ ዝቅ ሲል አንዳንዶቹ የቁስ ዓይነቶች ይቀራሉ። ሦስተኛው የዝርዝር ደረጃው ወደ ረቂቁ ወይም ወደ ሻካራው እንዲያዘነብል የሚያደርገው ነው።

ከእነዚህ ሌላ አንድ ምርጫ አለ፤ የዚህ ሂስ ዋና ጉዳይም እርሱ ነው። ተጫዋቹ ከፈለገ ፕሮግራሙ የእንቅስቃሴውን ፍጥነት ራሱ እንዲጠብቅለት ማዘዝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ማሽኑ ሲደክም ፕሮግራሙ የሚያሳጥረው የምድሩን የእይታ ርቀት ነው፤ ጉልበት ሲያገኝ ደግሞ መልሶ ያራዝመዋል። በሌላ አነጋገር፣ ችግር በመጣ ጊዜ በቅድሚያ የሚሠዋው አድማሱ ነው። በሐዲዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ በቦታው ይቈያል፤ የሚነሣው ማዶው ነው።

ይህ ከቴክኒክ አንጻር ምክንያታዊ ይመስላል። ሩቅ ያለው ከቅርቡ ያነሰ ዋጋ አለው የሚል ግምት ግን በውስጡ አለ። ግምቱ በሁሉም ምድር ላይ እውነት መሆኑ መመርመር አለበት።

ማዶ

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ወለል በላይ በ2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከወረዳው በስተምዕራብ ደጋው አልቆ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከወንዙ ባሻገር ያለው አገር ምሥራቅ ጎጃም ነው። በሌላው ወገን፣ ወደ ሳይንትና ወደ ለጋምቦ፣ ምድሩ እየወጣ ሄዶ ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን አምባ ፈሪትን ይጨምራል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም የሚገኘው በዚሁ ደጋ ነው።

በዚህ አገር የሚኖር ሰው ስለ ርቀት ሲናገር የሚጠቀምበት አንድ ቃል አለው፤ እርሱም «ማዶ» ነው። ማዶ ማለት ሩቅ ማለት ብቻ አይደለም። ከማዶ ያለው ቤት ጭሱ ሲወጣ ይታያል፣ ውሻው ሲጮኽ ይሰማል፤ ከዚያ ለመድረስ ግን ገደሉን መውረድ፣ ወንዙን መሻገር፣ ዳገቱን መውጣት ያስፈልጋል፤ የግማሽ ቀን መንገድ ሊሆን ይችላል። ለዓይን ቅርብ፣ ለእግር ሩቅ የሆነ ቦታ ነው። ገበሬው ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው ማዶውን አይቶ ነው። እረኛው የጠፋችውን ጊደር አሻግሮ ይፈልጋል። ዘመድ ከዘመዱ የሚለየው በማዶ ነው፤ የሚተያየውም በማዶ ነው። አምባ ምሽግ ሆኖ የኖረው በገደሉ ብቻ ሳይሆን መጪውን ከሩቅ በማሳየቱም ጭምር ነው፤ ከበሽሎ ወንዝ አጠገብ ያለው መቅደላ ለዚህ ምስክር ነው። ስለዚህ በወሎ ደጋ ማዶ የኑሮው አካል እንጂ የሥዕሉ ጀርባ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ የ2,000 ሜትሩ ወሰን ይጣል። ተመልካቹ በዓባይ አፋፍ ላይ ቆሟል እንበል። በእግሩ ሥር ያለው ባሕር ዛፍ ከነቅጠሉ ተሥሏል። በአጠገቡ ያለችው ጎጆ የሣር ክዳኗ ሳይቀር ይታያል። ቀጥሎ ምድሩ መውረድ ይጀምራል። ገደሉ ጥልቀቱን ማሳየት ሊጀምር ሲል ግን ግራጫ ግድግዳ ይጋረድበታል። ጎጃም የለም፤ የሸለቆው ወዲያኛው ግንብ የለም። ወዲያኛው ከሌለ ደግሞ ወዲህኛው ገደልነቱ ይጠፋል፤ ገደል የሚለካው በማዶው ነውና። የቀረው በጉም የታጠረ አንድ ጓሮ ነው። እያንዳንዱ ዝርዝር ትክክል ሆኖ ሳለ ጠቅላላው ሥዕል ሐሰት ሆነ ማለት ነው።

የባቡር ሐዲድ ያልደረሰበት አገር ለባቡር ጨዋታ ሚዛን መሆኑ የሚያስገርመው አንባቢ ሊኖር ይችላል። በእርግጥም ደቡብ ወሎን የሚነካው፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ ግንባታውን እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዋሽ - ኮምቦልቻ - ሐራ ገበያ መስመር ነው። እርሱም የሚያልፈው በዞኑ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ምዕራቡን ደጋ ከደሴ ጋር የሚያገናኘው በአቀስታ በኩል የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነው። ይሁንና ሚዛንነቱ ከሐዲድ ጋር የተያያዘ አይደለም። የጨዋታው ዋና ነገር መስኮቱ ነው፤ ከደሴ ተነሥቶ ወደ መካነ ሰላም የሚሄድ ተሳፋሪ በአውቶቡስ መስኮት የሚያየውም ይኸንኑ ምድር ነው። በተጨማሪም እንደ አውስትራሊያው «ትሬንዝ» ያሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚታወቁት ጨዋታዎች ተጫዋቹ ራሱ ምድር እየቀረፀ ሐዲድ በፈለገበት እንዲዘረጋ ይፈቅዳሉ። መካነ ሰላም ሐዲድ በሐሳብ ሊደርስባት ይችላል። ጥያቄው ሐዲዱ ሲደርስ ማዶዋ አብሮ ይታያል ወይ የሚለው ነው።

የሒሳቱ መስመር ምስክርነት

ይህ ችግር የወሎ ብቻ አለመሆኑን ለማሳየት ከማይክሮሶፍቱ ጨዋታ ስድስት መስመሮች አንዱን መመልከት ይበቃል። በጃፓን ደቡብ፣ በኪዩሹ ደሴት የሚገኘው የሒሳቱ መስመር ተራራማ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1909 የተከፈተ ነው። ሐዲዱ ዳገቱን ለመውጣት ክብ እየሠራ በራሱ ላይ ይዞራል፤ በሌላ ቦታ ደግሞ ባቡሩ ወደ ኋላ እየተመለሰ በደረጃ ይወጣል። ያታኬ ከተባለው፣ 537 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ጣቢያ አልፎ ረጅሙን ዋሻ ሲወጣ የኪሪሺማ ተራሮች ከሰፊው ሸለቆ ባሻገር ብቅ ይላሉ። ጃፓናውያን ይህን እይታ ከአገራቸው ሦስት ታላላቅ የባቡር መስኮት እይታዎች አንዱ አድርገው ይቈጥሩታል።

የመስመሩ ዝና እንግዲህ የሩቅ እይታ ዝና ነው። ጨዋታው መስመሩን ሲመርጥ በዝርዝር አክብሮታል፤ ሐዲዱ ክቡን ይዞራል፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የጣቢያዎቹ የእንጨት ቤቶች በቦታቸው ናቸው። ለነጂነት ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ አለ። መደበኛው እይታ በ2,000 ሜትር መታጠሩ ግን መስመሩን ታላቅ ካደረገው ነገር ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ሸለቆውና ተራራው ከዚህ ወሰን ወዲያ ናቸውና፣ ድርሻቸው ቢበዛ የጀርባ ጥላ መሆን ነው። ሥራው ሐዲዱን ገልብጦ ጉዞውን አጓድሏል ቢባል ፍርዱ የከበደ አይሆንም።

ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ የሚያደርገው ቀጥሎ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በኪዩሹ የደረሰው ከባድ ጎርፍ መስመሩን ጎድቶ በዚያ ክፍል የባቡር ጉዞ እንዲቋረጥ አደረገ። እንዲህ ባለው ጊዜ፣ በጨዋታ ሳቢያ የተሠራው ምስል ከጨዋታነት አልፎ የመዝገብነትን ባሕርይ ይይዛል። መዝገብ ደግሞ ባልመዘገበው ነገር ይጠየቃል። ዛሬ ለማሽን ጉልበት ሲባል የተተወው አድማስ ነገ ከመታሰቢያው ውስጥ የጠፋ አድማስ ይሆናል።

ጉምና ውሸት

የእይታው ወሰን በድንገት ተቈርጦ ቢታይ ዓለም እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ ስለሚመስል፣ የጨዋታ ሠሪዎች መቁረጫውን በጉም ይሸፍኑታል። ነገሮች ከመጥፋታቸው በፊት እየገረጡ ይሄዳሉ፤ ተመልካቹም መጋረጃውን አየር ጠባይ ነው ብሎ ይቀበላል። ዘዴው ብልህ ነው። ጉም የራሱ እውነት ባለበት አገር ግን ዘዴው ፈተና ይገጥመዋል።

በወሎ ደጋ ጉም ወቅት አለው። በሐምሌና በነሐሴ ከሸለቆ እየተነሣ አፋፉን ይሸፍናል፤ እረኛ ከከብቶቹ ይጠፋፋል። መስከረም ሲጠባ ይገፈፋል፤ አየሩ ታጥቦ ማዶ ያለው ቤት የሚቈጠርበት ጊዜ ይመጣል። በበጋው ማብቂያ ደግሞ አቧራና የሙቀት ጭጋግ ሸለቆውን ያደበዝዘዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው በአደይ አበባ ሜዳ ላይ፣ በጠራ ሰማይ ሥር፣ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት የቆመ የማይነቃነቅ ጉም ሲያይ ይታለላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ጉሙ የክረምት፣ ብርሃኑ የመስከረም ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሥዕል ውስጥ ይጣላሉ። ጉምን በወቅቱ የሚያመጣና በወቅቱ የሚያነሣ ሥራ ግን ድክመቱን ወደ ውበት ይለውጣል፤ በነሐሴ ጉም ውስጥ የተነዳ ባቡር መስከረም ላይ ሸለቆው ሲገለጥለት ተመልካቹ የወቅቱን ለውጥ በዓይኑ ያየዋል።

ከቀድሞው ሥዕል የሚገኝ ትምህርት

ዝርዝርን በርቀት ማከፋፈል የተፈጥሮ ሕግ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመልከት። በዚህ ሥዕል ሩቅና ቅርብ የመጠን ልዩነት አያመጡም። ትልቅ ሆኖ የሚሣለው የከበረው ነው፤ አጃቢው ከአጠገቡ ቢቆምም ትንሽ ነው። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ በሙሉ ፊት፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። በዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ቅዱስ ጊዮርጊስ ከሠራዊቱ በላይ በፈረሱ ላይ ሲታይ መጠኑን የሚወስነው ከተመልካቹ የራቀበት ሜትር አይደለም። እነዚያ ሠዓሊዎችም የጎደላቸው ነገር ነበር፤ ቀለም ውድ ነው፣ ግድግዳው ጠባብ ነው። እነርሱም መተው ነበረባቸው። የሚተዉትን የሚመርጡት ግን በትርጉም እንጂ በርቀት አልነበረም።

ይህ ማለት የባቡር ሲሙሌተር የአመለካከትን ሕግ ጥሎ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሣል ማለት አይደለም። የሚፈለገው የመተው መርሕ የታወቀና የታሰበበት እንዲሆን ነው። ጨዋታው ርቀትን ብቻ ሲከተል የመረጠው ማንም የለም፤ ውሳኔው ለማሽኑ ተትቷል። ሠሪው ግን «የዚህ ምድር ማንነት የት ላይ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ለከተማ ባቡር ዝርዝሩን ለመንገዱ ዳር ሱቅ፣ ለደጋው ባቡር ደግሞ ለአድማሱ መስመር ለመስጠት ይችላል።

ሁለት መቃወሚያዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ብርቱ መቃወሚያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው የሥራው ነው። ባቡር ነጂ የሚሠራው በቅርቡ ነው፤ ምልክቱን፣ መገጣጠሚያውን፣ ዳገቱን፣ የጣቢያውን ወለል ማየት አለበት፤ አድማስ ሲመለከት ምልክት ቢያልፈው አደጋ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስለ ሥራ የሚናገር ጥበብ የሥራውን መሣሪያ ማክበር አለበት። ይሁን እንጂ የቅርቡን ዝርዝር ማክበር የቅርቡን ብዛት ማምለክ አይደለም። ብዙ መስመሮች በሐዲዱ ዳር የሚተክሉት ከተዘጋጀ ክምችት የተወሰደ ዛፍና ቤት ነው፤ በወሎ ደጋ የአውሮፓ ጥድና የሸክላ ጣሪያ ቤት ቢተከል ዝርዝሩ በጨመረ ቁጥር ሐሰቱ ይጎላል። በአንጻሩ አንድ በትክክል የተሠራ ጅብራ፣ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ፣ በጓሳ ሣር ላይ የተቀመጡ ጥቂት ጭላዳዎች የደጋውን ከፍታ ከመቶ ባዕድ ዛፎች ይልቅ ይናገራሉ። ቅርቡም ቢሆን የሚያስፈልገው ትክክለኛነት ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ የድህነት ነው። በትምህርት ቤት ያለው ኮምፒውተር አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ አድማስ የሀብታም ማሽን ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ይህን መቃወሚያ በስሜት ሳይሆን በሒሳብ መመለስ ይቻላል። ተመልካቹን መካከል አድርጎ 2 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ ስፋቱ 12.6 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በየ8 ሜትሩ ሲመዘገብ 196,000 ያህል ነጥቦች ይወጡታል። 20 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ያለው ክብ በስፋት መቶ እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሰፊ ምድር ግን በየ90 ሜትሩ ብቻ ቢመዘገብ የሚያስፈልጉት ነጥቦች 155,000 ያህል ናቸው። በመቶ እጥፍ የሰፋው አገር ከጠባቡ ጓሮ ባነሰ ነጥብ ይያዛል ማለት ነው። የ90 ሜትር ልዩነት ለእግረኛ ሻካራ ነው፤ በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላለ ገደል ግን መልኩን ለመያዝ ይበቃል።

የዓይኑም ሒሳብ ይህንኑ ያረጋግጣል። 4 ሜትር ቁመት ያላት ጎጆ በ2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ስትሆንና 1,000 ሜትር ቁመት ያለው ገደል በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን፣ ገደሉ በዓይን ፊት የሚይዘው ቁመት ከጎጆዋ 25 እጥፍ ይበልጣል። በክላርክ የ1976 መለኪያ ከሆነ ቅድሚያ የሚገባው ለገደሉ ነው። ርቀትን ብቻ የሚቈጥረው አሠራር ግን ጎጆዋን አስቀርቶ ገደሉን ይደመስሳል። ስለዚህ ጥፋቱ የማሽኑ ድህነት ሳይሆን የመለኪያው ስሕተት ነው።

የከፍታውም መረጃ ቢሆን የሚያስቸግር አይደለም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በ11 ቀናት ጉዞ የአብዛኛውን የምድር የብስ ከፍታ በራዳር ለክታለች። ውጤቱም በ90 ሜትርና ኋላም በ30 ሜትር ልዩነት ያለ ክፍያ ለሕዝብ ተለቋል። የዓባይ ሸለቆና የአምባ ፈሪት ቅርፅ በዚሁ ውስጥ አለ።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው የሚገኘው ድምዳሜ አጭር ነው። በባቡር ሲሙሌተር ውስጥ የእይታ ርቀትና የቁስ ዝርዝር ማስተካከያዎች የማሽን ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ አንድን ምድር በምን እንደሚያውቁት የሚወስኑ የጥበብ ውሳኔዎች ናቸው። «ኦፕን ሬይልስ» ውሳኔውን ለተመልካቹ ማካፈሉ፣ የሩቅ ተራሮችንም በተለየ ምርጫ ማስቀመጡ የሚመሰገን እርምጃ ነው። ማሽኑ ሲደክም አድማሱን አስቀድሞ መሠዋቱ ግን ለደጋ አገር የማይስማማ ሥርዓት ነው። ራስ-ሰር ማስተካከያውን ዘግቶ፣ የቁሶቹን ብዛት ዝቅ አድርጎ፣ የሩቅ ተራሮቹን ማስቀረት በደካማ ማሽን ላይ እንኳ የተሻለ ሥዕል ይሰጣል።

ይህ ለመምህራንና ለሠዓሊዎች የሚተወው ሥራ አለ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ በወረዳዎቹም ሥዕልና ጂኦግራፊ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። የወሎን ምድር በኮምፒውተር ለመቅረፅ የሚነሡ ወጣቶች ቢኖሩ፣ ከስክሪኑ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት በመስከረም ጧት ወደ ዓባይ አፋፍ ወጥተው የአድማሱን መስመር በእርሳስ ቢሥሉ ሥራቸው ከትክክለኛው ቦታ ይጀምራል። የትኛው ጉብታ ለአገሬው ምልክት እንደሆነ፣ ዝናብ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከማዶ ያለው ቀዬ ማን እንደሚባል የሚነግሯቸው ሽማግሌዎች በዚያው አሉ። ይህ ከተመዘገበ በኋላ ሐዲዱን፣ ጣቢያውንና ቁጥቋጦውን መትከል ይቻላል። ማዶው ተትቶ የተጀመረ ሥራ ግን ቁጥቋጦው የቱንም ያህል ቢያምር የመካነ ሰላም ሰው አገሩን የሚያውቅበት አይሆንም።